መካኒኩን ሳታገኝ ማርቼዲሷን አትግዛ

የመኪና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ሰላም አቦ! የምጽፍልህ ከድሬ፣ ከሳቢያን ነው። ሱቅ አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እስካሁን የምነዳው የወንድሜን ቪትዝ ነው። አሁን ትንሽ ገንዘብ ይዣለሁና የራሴን ልገዛ ነው። ሐሳቤ ኮሮላ ነበር። ደላላው ግን አንዲት ማርቼዲስ አሳየኝ፤ ሲ 180 ኮምፕሬሰር፣ በፈረንጅ 2009 ሞዴል፣ ጥቁር፣ አውቶማቲክ፣ ውስጧ ንጹሕ። ዋጋዋ ካየሁት ኮሮላ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሚስቴ ወዳታለች፣ እውነቱን ለመናገር እኔም። ጓደኞቼ ግን «ማርቼዲስ ገዝተህ ጋራዥ ልታድር ነው» ይሉኛል። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ሐረር እወጣለሁ፣ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ። ዋጋዋ ለምን ረከሰ? ልግዛ ወይስ ልተዋት?

መልስ

አቦ፣ ጓደኞችህ አልዋሹም። ግን የፈረዱት መኪናዋን አይተው ሳይሆን ስሟን ሰምተው ነው።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው። ማርቼዲሷ ረክሳ አይደለም፣ ኮሮላዋ ተወዳ ነው። ኮሮላ እኛ አገር እንደ ወርቅ የሚያዝ ንብረት ሆናለች። ዛሬ ገዝተህ ነገ ብትሸጣት ገዢ አታጣም፣ መለዋወጫዋ የትም አለ፣ የትኛውም ሰፈር ያለ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። ገበያው የሚከፍለው ለዚህ ነው። ማርቼዲስን ደግሞ የሚያደንቃት ብዙ፣ ደፍሮ የሚገዛት ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ገበያ ላይ የምታያት እያንዳንዷ አገር ውስጥ የቆየች፣ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር መኪና ናት። ስለዚህ የምትገዛው መኪናዋን ብቻ አይደለም፣ ከአንተ በፊት የነበሩትን ሰዎች አያያዝ ጭምር ነው።

ሲ 180 ጥሩ መኪና ናት፣ ይሄ አያከራክርም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፦ ድሬ ውስጥ ይህችን መኪና የሚያውቃት ማነው? ስሙን ንገረኝ። ጋራዡ የት ነው? ኮምፒውተር አለው? ከዚህ በፊት የዚህችኑ ዓይነት ሞተር ፈትቶ ያውቃል? ለእነዚህ መልስ ሳይኖርህ ስለ ዋጋ አትደራደር።

ሐረር ስትወጣ ፔጆ 404ን ልብ ብለህ ተመልከት። ፈረንሳዮቹ የ404ን የቤት መኪና መሥራት ያቆሙት በፈረንጅ 1975 ነው። ሐረር ግን ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ዘመን በታክሲነት አኖረቻት። መኪናዋ ጠንካራ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሐረር ውስጥ ኮፈኗን ከፍቶ በጆሮው ብቻ ሕመሟን የሚናገር ሰው ስለነበረ፣ ከእሱም ሌላው ስለተማረ፣ ዕቃዋም ሲሞት ከሌላዋ እየተፈታ ስለተተካ ነው። ድሬም ብትሆን የምድር ባቡር ከተማ ናት፣ ብረት የሚያውቅ እጅ አላጣችም። የሲ 180 ችግር ግን ብረቱ ላይ ብቻ አይደለም፣ ግማሹ ሽቦና ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በእድሜ የገፋ ጎበዝ መካኒክ ካቴናዋን አስተካክሎ ይገጥምልህና መሪዋ ለምን እንደተቆለፈ ሊነግርህ አይችልም።

አሁን ወደ መኪናዋ። ያየሃት ደብልዩ 204 የሚባለው ትውልድ ናት፣ በፈረንጅ ከ2007 እስከ 2014 የተሠራው። ሞተሯ 1.8 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ 156 የፈረስ ጉልበት። ዋናው ነገር ቁጥሩ ሳይሆን ጉልበቱ የሚመጣበት መንገድ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደንገጎን ወጥተህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር አካባቢ ነህ። አየር ሲሳሳ ተራ ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ለዚህ ነው ቪትዟ አራት ሰው ጭናና ኤሲ ተከፍቶ ደንገጎ ላይ የምትጮኸው። ኮምፕሬሰሩ ከፍታው የወሰደውን ሁሉ ባይመልስም ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ አየር እየገፋ ስለሚያስገባ፣ መኪናዋ ማርሽ ሳትለዋውጥ ዝም ብላ ትወጣለች። ያን ቀን ትወዳታለህ፣ አስቀድሜ ነገርኩህ።

ሌላው ጥቅሟ አዲስ አበባ ስትሄድ ነው የሚገባህ። ወንበሯ ጀርባ ያሳርፋል፣ የነፋስና የጎማ ድምፅ ብዙ አይገባም፣ ከአዋሽ ወዲህ በዚያ ሜዳ ስትበር መሬት ትይዛለች። ሚኤሶ አካባቢ ግመል ድንገት ዘው ሲልብህ መኪናዋ እንዳትሽከረከር የሚይዛት ኢኤስፒ አላት፤ የአየር ከረጢቶቿም ለሹፌርና ለጋቢና ብቻ አይደሉም። በአውሮፓ የግጭት ፈተና አምስት ኮከብ ያገኘች ናት። ሁለት ልጅ ከኋላ ለሚያስቀምጥ አባት ይሄ ከቆዳ ወንበሩም ከአርማውም ይበልጣል። እኔ ለማርቼዲስ የምከራከረው በዚህ ብቻ ነው፣ የሠርግ መኪና መሆኗ አያገባኝም።

አሁን ደግሞ ገንዘብህን የሚበሉትን ልንገርህ።

አንደኛው የሞተሩ ካቴና ነው። ይህ ሞተር ቺንጋ ሳይሆን ካቴና ነው ያለው፣ ካቴናው ሲለጠጥና የሚዞርባቸው ጥርሶች ሲበሉ ይታወቃል። ምልክቱ ድምፅ ነው። ሞተሩ አድሮ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ጠጠር የተናወጠ የሚመስል ድምፅ ይሰማና ይጠፋል። ያ ድምፅ ካለ ወይ ተዋት፣ ወይ የካቴናውንና የጥርሶቹን ሙሉ ሥራ ከዋጋው አስቀንስ። ካቴናው አንድ ቀን ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ከዚያ ሞተር መውረድ ነው። ለዚህ ነው መኪናዋን ጠዋት በማለዳ ሄደህ ማየት ያለብህ። ስትደርስ መጀመሪያ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ። ሞቆ ከጠበቀህ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው። ሰላም ብለህ፣ ሻይ ጠጥተህ፣ «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት» በለው።

ሁለተኛው የመሪ መቆለፊያው ነው። በዚህ ትውልድ ላይ መሪውን የሚቆልፈው ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ አንድ ቀን ይሞታል። ቁልፍ ትሰካለህ፣ መሪው አይፈታም፣ ዳሽቦርዱ አይበራም፣ ሞተሩ አይነሳም። ባትሪ ነው ብለህ ባትሪ ትቀይራለህ፣ አይሆንም። የሚሠራው ሰው ካለ ቀላል ነው። ከሌለ መኪናዋን በክሬን አስጭነህ አዲስ አበባ ልትልክ ነው። መካኒኩን አስቀድመህ ፈልግ የምልህ በዋናነት ለዚህች ዕቃ ነው።

ካምቢዮው ከእነዚህ ሁሉ የምታመነው ክፍል ነው፣ ግን ዘይቱ ይቀየርለት። «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይነካም» የሚል ሰው ካጋጠመህ አትስማው። በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ነው። ከኋላ መብራቶቹ አንዱ ደብዝዞ ካየህ ደግሞ አምፖል ብቻ አትቀይር፣ መሰኪያው ጋ ያለው የመሬት ሽቦ ሲሞቅና ሲቃጠል የታወቀ ነው። መኪናዋ አውሮፓ ተነድታ የመጣች ከሆነች ከሥሯ ገብተህ የኋላውን ድጋፍ ብረት እይ። እዚያ ክረምት ላይ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ፣ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። እኛ ጋ ዝገት ስለማናውቅ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የድሬን ሙቀት ላንተ አልነግርህም። ኤሲውን ግን ጠዋት በብርድ ፈትሸህ «ይሠራል» እንዳትል። ቀትር ላይ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ቆማ እየሠራች ሩብ ሰዓት አቆያት። ኤሲው መቀዝቀዙን ይቀጥላል ወይስ ለብ ይላል? የሞተሩ ሙቀትስ ከፍ አለ? ከፍ ካለ ቬንትሌተሩን፣ ቴርሞስታቱን፣ ራዲያተሩን ተጠራጠር። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ የሞላ ሰው ካለ ደግሞ ጉድ ነው፤ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ታውቀዋለህ፣ ያው ነው ሞተሩ ውስጥም የሚጋግረው። ክዳኑን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከፍተህ እይ፣ ቀለም ያለው ኩላንት መሆን አለበት።

ቤንዚኑስ? የነዳጅ ክዳኗን ውስጡን ብታይ 95 የሚል ታያለህ። እኛ ማደያ ላይ መርጠን አንቀዳም፣ ያለውን ነው የምንቀዳው። ጥራቱ ካነሰ ሞተሩ ራሱን ለማዳን እሳቱን ያዘገያል፣ ትንሽ ጉልበት ይቀንሳል። ዳገት ላይ በደንብ ስትረግጣት የብረት መንኳኳት ከሰማህ ግን ካንዴላውን አስፈትሽ፣ እግርህንም ቀለል አድርግ።

ጠባይዋን በሙሉ የምታየው ደንገጎ ላይ ነው። ሻጩን አስቀምጠህ ደርሰህ ተመለስ። ስትወጣ ሙቀቱን፣ የካምቢዮውን አቀያየር፣ ከኋላ ጭስ መኖሩን እይ። ስትወርድ ፍሬኑን፤ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኮቹ ተጣመዋል። እምቢ ካለህ፣ «ለሌላ ሰው ቀጠሮ ሰጥቻለሁ፣ አሁኑኑ ካልወሰንክ ታመልጥሃለች» ካለህ፣ ታምልጥህ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ መኪናዋ ዝቅ ያለች ናት። አስፋልት ላይ ችግር የለም። ሳቢያን ውስጥ ኮረት ሰፈር ከገባህ ወይም ጉብታ ላይ በፍጥነት ከወጣህ ግን ኮፓዋ፣ ከሥር ያለው የሞተር ዘይት መያዣ፣ ይመታል። ከሥር ስታያት ኮፓው ላይ የተበየደ ወይም የተቀባባ ቦታ ካለ ጠይቅ። ቸርኬዋም ትልቅ ከሆነና ጎማው ቀጭን ከሆነ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይጎብጣል፣ 16 ኢንች ቸርኬ ይበቃሃል።

ወረቀቱ ላይ ረጅም ወሬ አልፈልግም፣ ሦስት ነገር ብቻ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው ወይስ በውክልና በውክልና ላይ የመጣ ነው? ባለቤቱ ራሱ ሰነዶች ማረጋገጫ ይምጣልህ። ቀረጡ ተከፍሏል፣ ዕዳና እገዳ የለባትም ወይ? ይህን መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ራስህ አጣራ፣ ደላላው ባመጣልህ ወረቀት አትርካ። የሻንሲ ቁጥሯን ደግሞ ከሊብሬው ጋር አመሳክር፤ ደብልዩ፣ ዲ፣ ዲ ብሎ ይጀምርና 204 ይከተላል። ካልተከተለ ያየሃት መኪና ሌላ ናት።

ውሳኔዬን ከፈለግህ ይኸውልህ። ያለህን ገንዘብ ሁሉ አሟጠህ የምትገዛት ከሆነ አትግዛ፣ ኮሮላዋን ውሰድ። የማይዘልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል፣ ማርቼዲስ ለብዙ ሰው እንዲያ ናት። ከዋጋዋ አንድ አራተኛ የሚሆን ገንዘብ ከገዛሃት በኋላም ባንክ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅህ ከሆነ፣ ካቴናዋ ዝም ካለ፣ ድሬም ላይ በስሙ የምትጠራው መካኒክ ካገኘህ፣ ግዛት። ያን ገንዘብ የምትፈልገው ለአደጋ ብቻ አይደለም። ስትረከባት ወዲያው የሞተር ዘይት በትክክለኛው ዓይነት፣ 5.5 ሊትር ገደማ ሙሉ ሲንቴቲክ፣ ከዚያ የካምቢዮ ዘይት፣ ፊልትሮዎች፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ምናልባትም ጎማ ትቀይራለህ። መለዋወጫው ድሬ ላይ ሁሌ አይገኝም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ማወቅ ወይም ከዱባይ የሚያመጣልህ ዘመድ መያዝ አለብህ፣ ዕቃው እስኪመጣ ደግሞ በባጃጅ መሄድ። ባጃጅ መግባት ከከበደህ ማርቼዲስ አትግዛ።

ጥያቄ

እኔ የምኖረው ሐረር፣ ሸንኮር ነው። ሥራዬ ድሬ ስለሆነ ከሰኞ እስከ አርብ እመላለሳለሁ። የሚኒባስ ነገር ሰልችቶኛል። የቻይና የኤሌክትሪክ ሰዳን፣ ቆዳ ወንበርና ትልቅ ስክሪን ያለው፣ ልገዛ አስቤአለሁ። ወንድሞቼ «ደንገጎ ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ የድሬ ሙቀት ደግሞ ያቃጥለዋል» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ

እህቴ፣ ደንገጎ አይጨርሰውም። እናስላው። መኪናው ከነሰው 1,700 ኪሎ ነው እንበል። ከድሬ ተነስቶ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት ብቻውን 3.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ መንገድ ላይ የሚባክነውን ጨምረሽ አራት ተኩል በዪው። ይህ መኪናው በሜዳ ከሚበላው ላይ የሚደመር ነው። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሜዳ ሒሳብ ስምንት ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ፣ ኤሲ ደግሞ አንድ ሁለት። ደርሶ መልሱን ስትደምሪው፣ ቁልቁለቱ የሚመልስልሽን ሳንቆጥር እንኳ፣ 25 አካባቢ ነው። ባትሪው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሆነ ማታ ቤትሽ ስትገቢ ግማሹ አለ።

ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ራሱ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፣ ፍሬንሽም አይሞቅም። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚቀበለው ቦታ ስለሌለው ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ሐረር ሙሉ ሞልተሽ ብትነሺ ይሄ አያሳስብሽም፣ አወዳይንና ሐረማያን አልፈሽ ደንገጎ አፋፍ እስክትደርሺ ቦታ ይለቃል።

ሙቀቱ ላይ ወንድሞችሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ስትገዢ ሁለት ነገር ጠይቂ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ነው ወይስ በአየር? በፈሳሽ የሆነውን ውሰጂ። የባትሪው ዓይነትስ ኤልኤፍፒ ነው ወይስ ኤንኤምሲ? ሁለቱም ሊቲየም ናቸው፣ የተሠሩበት ነገር ግን ይለያያል። ኤልኤፍፒ ሙቀትን የበለጠ ይታገሣል፣ እስከ መቶ ብትሞዪውም ብዙ አይጎዳም። ኤንኤምሲ ከሆነ ለዕለት ተዕለቱ 80 በመቶ ላይ አቁሚው። ድሬ ስትደርሺ ጥላ ፈልገሽ አቁሚ፣ ይሄን ለማንኛውም መኪና እመክራለሁ።

ያገለገለ ከሆነ የባትሪው ጤና ስንት በመቶ እንደቀረ በኮምፒውተር ተነብቦ በወረቀት ይሰጥሽ። የስክሪኑን ቁጥር ብቻ አትመኚ። ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ የቻርጀሩ መሰኪያ ጂቢ ቲ የሚባለው ነው፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሌላ ነው። ቤትሽ የምታስገቢው ቻርጀር ከመኪናው ጋር የሚገጥም ይሁን። ስክሪኑም በቻይንኛ ብቻ ሆኖ የሚመጣ አለ፣ ከመክፈልሽ በፊት ቋንቋው እንዲቀየር አድርጊ፣ ከከፈልሽ በኋላ ስልክ የሚያነሳልሽ የለም።

ቤት ውስጥ ከ220 ቮልት በ16 አምፔር ስትሞዪ በአንድ ሰዓት 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይገባል፣ የቀኑን ለመመለስ ሰባት ስምንት ሰዓት ይበቃል። ግን ተራ ማከፋፈያ ገመድ ላይ እንዳትሰኪው! የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ (ብሬከር) ያለው ሶኬት ኤሌክትሪሺያን ያውጣልሽ፣ መሬት ሽቦው በትክክል የተቀበረ። ሌሊቱን መብራት ቢጠፋ ግማሽ ባትሪ ስላለሽ የነገው መንገድ አይቀርም፣ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ቢጠፋ ግን ሚኒባስ ነው።

ስለ ቆዳ ወንበሩ አንድ ልበል። ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ ድሬ ላይ ስምንት ሰዓት ላይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ የሚቀመጡበት አይደለም። ጨርቅ ወይም ነጣ ያለ ቀለም ከመረጥሽ በነሐሴም በግንቦትም ታመሰግኚኛለሽ። ጥራቱን ለማወቅ በሩን ዝጊና ድምፁን ስሚ፣ የበሩን ጎሚኒ ዙሪያውን እይ፣ ከዚያ ኮረት መንገድ ላይ ስክሪኑን አጥፍተሽ ሬዲዮውን ዘግተሽ ንጂው። የሚንኮሻኮሸው ሁሉ ያኔ ይሰማል።

ጥያቄ

ከዚራ ነኝ። ቢኤም 320 ወይስ ኦዲ ኤ 4? ሁለቱም 2009 ሞዴል ናቸው። አጭር መልስ እፈልጋለሁ።

መልስ

አጭር መልስ፦ ለመንዳት ቢኤም፣ ለኪስህ ሁለቱም አይደሉም።

ቢኤም 320 ከላይ በኩል ዘይት ማፍሰስ ያበዛል። መብራት ላይ ትንሽ ቆማ ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ከለቀቀች የቫልቭ ጎሚኒዎቹ አልቀዋል፣ ሥራው ትንሽ አይደለም። ከዚህ በላይ የማልወድላት ግን ጎማዋ ነው። ስትመጣ ተንፍሶም በሚሄድ ጠንካራ ጎማ ስለምትመጣ ቅያሪ ጎማ የላትም፣ ማስቀመጫውም የለም። ከጭሮ ወዲህ ማታ ጎማህ ቢቀደድ ምን ታደርጋለህ? ከገዛሃት ቀጭን ቅያሪና ጃክ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጥ።

ኦዲው 2.0 ቱርቦ ከሆነ የዚያን ዘመን ሞተር ዘይት መጠጣት ያጠቃዋል፣ መንስኤው የፒስተን ቀለበቶቹ ናቸው። ሻጩን «በስንት ኪሎ ሜትር ዘይት ትጨምራለህ?» ብለህ ጠይቀው። «ጨምሬ አላውቅም» ካለህ የዘይቱን መጠን ራስህ እይ።

እግረ መንገድህን ሌክሰስ አይኤስ 250 ካገኘህ እየው። የኋላ ወንበሩ ጠባብ ነው፣ ቤንዚንም ይወዳል፣ ቶዮታን የሚያውቅ መካኒክ ግን አይፈራውም።

ጥያቄ

ደላላው 2010 ሞዴል መኪና 90 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው ይላል። እንዴት ልወቅ?

መልስ

በዓመት ስድስት ሺህ እንኳ አልተነዳችም እያለህ ነው። ሊሆን ይችላል፣ ግን ያረጋግጥ። የፍሬኑን ፔዳል ላስቲክ እይ፣ የሹፌሩን ወንበር የግራ ጫፍ፣ የመሪውን ቆዳ ሰው የሚይዝበት ቦታ። እነዚህ ተልጠው ቁጥሩ 90 ሺህ ከሆነ ቁጥሩ ተነክቷል። በኮምፒውተር ሲነበብም ከዳሽቦርዱ ሌላ የተመዘገበ ኪሎ ሜትር ሊገኝ ይችላል፣ ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፦ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በፋብሪካው ጎማ ላይ ነች ካለህና ጎማው ከመኪናው አሥር ዓመት ካነሰ፣ ሌላውንም ወሬ በዚያው ልክ ቀንስለት።

ጥያቄ

ልገዛት ያሰብኳት ማርቼዲስ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያላት። ችግር አለው?

መልስ

አለው። የዚህች መኪና ቁልፍ መንገድ ዳር የሚሞረደው አይደለም፣ ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ከመኪናዋ ጋር ማስተዋወቂያ መሣሪያ ያለው ሰው ይፈልጋል። አንዷ ከጠፋችህ ወይም ኪስህ ውስጥ ሆና መታጠቢያ ማሽን ውስጥ ከገባች መኪናዋ ግቢህ ውስጥ ትቆማለች። ሻጩ ሁለተኛውን ያምጣ፣ ካጣው ማሠሪያውን ከዋጋው ላይ ይቀንስ። ሁለተኛው ቁልፍ «ወንድሜ ጋ ነው» ካለህም ወንድሙን ጥራ፣ ሳይመጣ እንዳትፈርም።